አዲስ ጫማ

ፈርሀት ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ቀብራ ከሥር ያለውን በርበሬ በጣቶቿ ትፈትሻለች። ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሚዛን ቤቱ ደጃፍ፣ ልጇ ዋፋ ከጋሼ ሶሬሳ ጋር ቆማ ታንሾካሹካለች።

ጋሼ ሶሬሳ የተሸካሚዎቹ አለቃ ናቸው። ሲያስነጥሱ እንኳ ከበርበሬ በረንዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ዛሬ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቃል እየመረጡ ያወራሉ። ዋፋ መዳፏን አፏ ላይ ጭናለች። ድንገት ሁለቱም ወደዚህ አዩ። ፈርሀት ቀና ስትል ዋፋ ፈጥና ስልኳን መነካካት ጀመረች፤ ጋሼ ሶሬሳም በአካባቢው የሌለ ተሸካሚ በስሙ ተጣሩ።

«እትዬ ፈርሀት፣ አናቱን ማየት አይበቃዎትም?» አለ በርበሬውን ከማረቆ ያመጣው ወጣቱ ነጋዴ ጀዋር። «ሰው እኮ አያምኑም።»

«አናቱንማ አንተ አሳምረኸዋል። እኔ የምገዛው ሥሩንም ነው።»

«ሥሩ ላይ ምን ይገኛል ብለው ነው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ጀዋር ሳቀ። ከሥር ያወጣችውን ዛላ ሰበረችው። ቀጭ አለ፤ ፍሬው ውስጡ ተንኮሻኮሸ። እርጥበት የለው፣ ሻጋታ የለው። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባላት ነበር። ዛሬ ግን የዚህ ልጅ በርበሬ እንኳ ጥሩ መሆኑ አላማራትም።

«አውርደው» አለችው።

ከጎኗ ያለው በረንዳ የሙሉነሽ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ የተጋደመ ጣውላ ነው። ፈርሀት ስትሰግድ ሙሉነሽ ሚዛኗን ትጠብቅላታለች፤ ሙሉነሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ፈርሀት ኮረሪማዋንና ዝንጅብሏን ትሸጥላታለች። ሌላም የሚያስተሳስራቸው ነገር አለ። የሙሉነሽ ባል በሪሁንም፣ የፈርሀት ልጅ ኢልያስም የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ሁለቱ ሴቶች መንገዱን በዓይናቸው ሳያዩት ኬላውን፣ ጠመዝማዛውን፣ ኔትወርክ የሚጠፋበትን በረሃ አንድ በአንድ ያውቁታል።

የሻይ ቤቱ አሳላፊ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጣውላው ላይ አስቀምጦ፣ «ከጋሼ ሶሬሳ ነው» ብሎ ሄደ።

ሙሉነሽ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳችና አየችው። «ጋሼ ሶሬሳ ሻይ ጋበዙ? ሊሞቱ ነው መሰለኝ።»

«እንደሱ አትበይ።»

«ምን ልበል ታዲያ? እኚህ ሰውዬ የራሳቸውን ሻይ ራሱ ሌላ ሰው ካልከፈለላቸው አይጠጡም። ጠጪ እንጂ።»

«አልፈልግም።»

«መርዝ የለውም፤ ይኸው እኔ ጠጣሁት» አለች ሙሉነሽ፤ የፈርሀትንም ደግማ ጠጣችው።

ፈርሀት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነገሮቹን አንድ ላይ ማሰር ጀመረች። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ዋፋ ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ሻርፕ ሰጥታታለች፤ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ጫፉ በነጭ የተጠለፈ። «ዛሬ ይሄን አድርጊ» አለቻት። «ምን ተገኘ?» ስትላት «ምንም፤ ያምርብሻል ብዬ ነው» አለች፤ ስትናገር ግን ዓይኗን አላየቻትም። ፈርሀት ሻርፑን እንደታሸገ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አዲስ ነገር ለብሳ አታውቅም። አልጋዋ ሥር ያለው ሳጥን ልጆቿ በየዒዱ በሰጧት ቀሚስና ሻርፕ ተሞልቷል። ኢልያስ ሳጥኑን «የእማ ሙዚየም» ነው የሚለው። ለምን እንደማትለብሳቸው ሲጠይቋት «ይቆይልኝ» ትላለች። ለመቼ እንደሚቆይ ራሷም አታውቅም።

ኢልያስ ደግሞ ስልኩ ከንጋት ጀምሮ ዝግ ነው።

ሻርፕ። ሹክሹክታ። ሻይ። ዝግ ስልክ።

ፈርሀት ይህን ነገር ታውቀዋለች። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሰሙት ሩቆቹ ናቸው። ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ ዘመድ። ባለሐዘኑ መጨረሻ ነው የሚሰማው። እስከዚያ ሁሉም ደግ ይሆንለታል። ሻይ ይገዙለታል፤ ዕቃ አያስይዙትም፤ ለማያስቅ ቀልዱ ይስቁለታል። እሷም ለስንቱ እንዲህ ሆናለች። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፤ ሰውየው በሩን ሲከፍት ገና አንዳቸውም ሳይናገሩ ይገባዋል።

ደረቷ ተጨመቀ። የጣቶቿ ጫፍ ደነዘዘ። ይህ ሕመም ከጀመራት ቆይቷል። ልብ ነው ብላ ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር፤ ሐኪሙ ግን መርምሮ ሲጨርስ «ልብሽ ከኔ ይሻላል። ጭንቀት ነው፤ የሚያናግርሽ ባለሙያ አለ» አላት። «አላበድኩም» ብላው ወጣች። ዋፋ ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁለቴ አንስታላት ሁለቴም ተቆጥታት ተዘግቶ ቀርቷል።

ዋፋ መንገዱን አቋርጣ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። መጀመሪያ ለሙሉነሽ ሰላምታ ሰጠች፤ ጉንጯን ስማ፣ ከሚገባው በላይ አቅፋ።

«ምነው ዛሬ?» አለች ሙሉነሽ እየሳቀች። «ልታገቢ ነው?»

ዋፋ ለመሳቅ ሞከረች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ሰባተኛ ሰፈር አንድ ሕንፃ ደርሰን እንምጣ።»

«ምን አለ እዚያ?»

«አንድ ሰው ላገናኝሽ ነው። ብዙ አንቆይም።»

«ማንን?»

«ጥሩ ሰው ናት። ሻርፑን ብታደርጊው እኮ ጥሩ ነበር።»

«ኢልያስ ደውሎልሻል?»

ዋፋ ትንፋሿን ዋጠች። ፈርሀት ያቺን ትንሽ ማመንታት አየቻት፤ ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ ያመነችው ያቺን ነው። «ትናንት ማታ ደውሏል።»

«ዛሬስ?»

«በረሃ ላይ ኔትወርክ የት አለ? አብሽሪ።»

አብሽሪ። ፈርሀት ይህን ቃል አትወድም። ሰው ሁሉ ለማጽናናት ይለዋል፤ እሷ ግን በሰማችው ቁጥር አንድ ነገር ከጀርባዋ እንደተዘጋባት ይሰማታል።

«ሂጂ እንጂ» አለች ሙሉነሽ። «በረንዳሽን እኔ አይልሻለሁ።»

ሄዱ። ተሸካሚዎች ጀርባቸው ላይ ተራራ የሚያህል ዕቃ ጭነው «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ይጋፋሉ፤ ከምን አለሽ ተራ በኩል የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ይሰማል። ፈርሀት ከልጇ አንድ እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ትሄዳለች። አንድ ተሸካሚ ፊቷ ደርሶ ሲያያት ቆም ብሎ አሳለፋት። ተሸካሚ ለማን ቆሞ ያውቃል? ይሄም ሰምቷል ማለት ነው፤ መርካቶ በሙሉ ሰምቷል። ለምን ወደ ሕንፃ እንደሚወስዷትም ገባት። ገበያ መሀል ብትጮህ ሰው ይሰበሰባል፤ ቤት ቢሆን ደግሞ እስከ ነገ መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው። ስትወድቅ የሚደግፋት ሰው ያለበት፣ ድምፅ የማያስወጣ ክፍል ፈልገዋል። በዝግታ ተነፈሰች። መርዶው ሲነገራት የምትለውን በልቧ አዘጋጀች፤ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከዚህ በቀር ምንም አልልም አለች።

ጨርቅ መሸጫዎቹን አልፈው ደረጃውን ወጡ። ላይኛው ፎቅ ላይ በር ተከፈተላቸው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኗ አልታዘዘላትም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው፤ የገበያው ሁካታ ከሩቅ እንደሚፈስ ውኃ ብቻ ይሰማል። ሁለት ለስላሳ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መሀላቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ ፓኮ ሶፍት አለ። ፈርሀት ውኃውንና ሶፍቱን ስታይ ለማን እንደተዘጋጁ ገባት።

ግራጫ ሒጃብ ያደረገች ወጣት ሴት ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠቻት። «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ ፈርሀት። ሉብና እባላለሁ። አብሽሩ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«እኔ ውጭ እጠብቅሻለሁ» አለች ዋፋ፤ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ልጄ ማየት አልቻለችም፣ አለች ፈርሀት በልቧ።

ሉብና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ዛሬ ምን ይሰማዎታል?»

«ቀብሩ የት ነው?»

«ምን አሉኝ?»

«ቀብሩ። አምጥታችሁታል ወይስ እዚያው አፋር ነው ያለው? ልጄ ሙስሊም ነው። ሳይታጠብ፣ ሳይሰገድበት እንዳታሳድሩት።»

ሉብና ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ወደ ፈርሀት። «እትዬ ፈርሀት፣ ማን ነው የሞተው?»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ። ለዚህ አይደለም የተቀመጥሽው?»

«ወላሂ አይደለም። እኔ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ልጅዎ ደረትዎን እያፈነ ያስጨንቅዎታል ብላኝ ነው። ስለ ማንም ሞት የሰማሁት ነገር የለም።»

«ስለዚህ አብጃለሁ።»

«አላበዱም።»

«ሶፍቱ ታዲያ ምንድን ነው?»

«አንዳንድ ሰው ያለቅሳል።»

«አየሽ» አለች ፈርሀት።

ሉብና ተነስታ በሩን ከፈተችና ዋፋን ጠራቻት። «እናትሽ የምትጠይቅሽ ነገር አላት። እውነቱን ትመልሽላታለሽ።»

ዋፋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ደፉ ላይ ቆመች።

«ኢልያስ ሞቷል?»

«ኢልያስ?» ዋፋ ደነገጠች። «እንዴ እማ። ኢልያስ ደህና ነው። በአላህ ስም እልሻለሁ፣ ደህና ነው።»

ፈርሀት የልጇን ፊት መረመረች። ይህኛው እውነት ነበር። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ክንዷን እስከ ክርኗ የከተተች ያህል ታወቃት። «ሌላ የምትደብቂኝ አለ።»

ዋፋ መሬት መሬት አየች። «አለ። ግን ያንቺ አይደለም። ከዚህ ስንወጣ እነግርሻለሁ፤ ደረጃው ላይ ሳንደርስ እነግርሻለሁ።»

«ሳንደርስ ነው?»

«ሳንደርስ።»

በሩ እንደገና ተዘጋ። ኢልያስ በሕይወት መኖሩን ሰምታለች፤ ትንፋሿ ግን አልተመለሰም። እንዲያውም ባሰባት። አፏን ከፍታ አየር ፈለገች። ሉብና ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ቁጥር እንደሚያስተምር ሰው ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እግርዎን መሬት ላይ በደንብ ያሳርፉ። ወንበሩን ይያዙ። ለማስወጣት ብቻ ይሞክሩ፤ መግባቱ ራሱ ይገባል» አለቻት። ፈርሀት ይህችን ልጅ አላመነቻትም፤ ያለቻትን ግን አደረገች። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ።

«ሰው ነገር ደበቀኝ ብለው ሲያስቡ መጀመሪያ የሚሰማዎት የት ነው?»

ፈርሀት ደረቴ ላይ ልትል ነበር። ለሐኪሙም፣ ለዋፋም ሁልጊዜ ያለችው እሱን ነው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «እግሬን።»

ራሷም ገረማት።

«ጣቶቼን ይጨምቀኛል። ጠባብ ጫማ ያደረግሁ ያህል።»

«እስኪ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ካልፈለጉ ይተዉት። ጫማው ምን ዓይነት ነው?»

ዓይኗን አልጨፈነችም። በማታውቀው ሰው ፊት ዓይኗን የምትጨፍን ሴት አይደለችም። ነገር ግን የራሷን እግር ስታይ ጫማው መጣ። ነጭ ሸራ ጫማ ነው፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው፤ ገና ሳይደረግ የሚሸት የጎማ ሽታ አለው። ሽታው እንኳ መጣባት።

«ወሎ ነው» አለች። «ሐይቅ አጠገብ ነው ያደግሁት። ልጅ ነኝ፤ ጥርሴ ገና ይነቀላል። እናቴን ምጥ ይዟት ደሴ ሆስፒታል ወሰዷት። ነገ ትመጣለች አሉኝ። በነጋታውም ነገ አሉኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ ደግ ሆነ። ዳቦ በማር ይሰጠኛል፤ ራሴን ይዳብሰኛል። አክስቴ ከደሴ ያንን ጫማ ገዝታልኝ መጣች። በሰፈሩ ሸራ ጫማ ያደረገ ልጅ የለም። ቀኑን ሙሉ ጫማዬን እያሳየሁ ሮጥኩ። ያን ቀን ሳቄ አያባራም ነበር።»

ቆመች። ውኃውን አየችው፤ አልነካችውም።

«ምንጭ ስንወርድ አንዷን ልጅ እግሯን ረገጥኳት። አልቅሳ፣ ጫማውን የገዙልሽ እናትሽ ስለሞተች ነው አለችኝ። ሮጬ አክስቴን ጠየቅኳት። አብሽሪ፣ ነገ ትመጣለች አለችኝ። እናቴ ተቀብራ ሰንብታለች። ሰፈሩ በሙሉ አልቅሶ ጨርሷል። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፣ በአዲስ ጫማ የምሮጥ።»

«ጫማውን ምን አደረጉት?»

«ቁልቋል አጥር ውስጥ ወተፍኩት። ጠፋ አልኳቸው።» ፈርሀት በእጇ ፊቷን ጠረገች፤ በርበሬ የነካ እጇ ስለሆነ ዓይኗ ተቃጠለ። ሶፍቱን ግን አልወሰደችም። «ረስቼው አይደለም። አስቤው ግን አላውቅም። ይሄ እንዴት ይሆናል?»

«ይሆናል። አእምሯችን የምናስበውን ብቻ አይደለም የሚይዘው። እኛ ሳናየው የሚሠራ ክፍል አለው። ያቺ ልጅ እዚያ ናት። እርስዎ አድገው፣ ወልደው፣ ነግደው ኖረዋል፤ እሷ ግን አሁንም ሰው ለምን ደግ ሆነብኝ እያለች በር በር ታያለች። ደረትዎን የሚያፍንዎት ምናልባት እሷ ናት፤ ልታስጠነቅቅዎት ስትሞክር።»

ፈርሀት ሳጥኑን አሰበች። የማይለበሱትን ቀሚሶች፣ ያልተፈቱትን ሻርፖች። ጥርጣሬዋ ግን አልለቀቃትም። «ይህንን ለመጣው ሁሉ ነው የምትዪው?»

«የጫማውን ነገር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ምን አውቅ ነበር?»

ይህ ልክ ነው። ጫማውን ያወጣችው ራሷ ናት።

«ትሄዳለች ልጅቷ?»

«መሄድ የለባትም። የሚያዳምጣት ካገኘች ግን ትረጋጋለች። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ከፈለጉ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ።»

«አስብበታለሁ» አለች ፈርሀት። ለነጋዴ አስብበታለሁ ስትል አልገዛም ማለቷ ነው። አሁን ግን ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቀችም።

ዋፋ ቃሏን ጠበቀች። ደረጃው ጋ ሳይደርሱ ክንዷን ያዘቻት። «ጋሼ በሪሁን ነው» አለች። «የሙሉነሽ በሪሁን። ትናንት ሚሌ አጠገብ መኪናው ተገለበጠ።»

ፈርሀት ግድግዳውን ተደገፈች። ምላሷ ላይ መጀመሪያ የመጣው ቃል አልሐምዱሊላህ ነበር። ዋጠችው፤ እንደ እሳት ወረደ።

«ኢልያስ ከኋላ እየነዳ ነበር። ያገኘው እሱ ነው። ትናንት ማታ ደውሎ ነገረኝ፤ ስልኩ ከዚያ በኋላ ባትሪ ጨርሶበት ይሆናል። አስከሬኑን ይዞ እየመጣ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ይነግሯታል።»

«ስለዚህ ወደ እኛ ስታዩ የነበራችሁት…»

«እሷን ነበር። ጎንሽ ተቀምጣ እየሳቀች እንዴት ልንገርሽ? አንቺ ደግሞ ፊትሽ ምስጢር አይችልም። የዛሬውን ቀጠሮ ልተወው ነበር፤ ከዚያ ካጠገቧ ዞር ብትይ ይሻላል አልኩ።»

ፈርሀት የልጇን እጅ ያዘች። «ሁለተኛ ሳትነግሪኝ የትም አትውሰጂኝ።»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

«አልመጣም ነበር።»

«ታዲያ?»

«ቢሆንም ንገሪኝ።»

በርበሬ በረንዳ መታጠፊያው ላይ ጋሼ ሶሬሳ ይጠብቋቸዋል። ከፌስታል ውስጥ ትንሽ የካርቶን ሣጥን አውጥተው ክዳኑን አነሱት። የልጅ ጫማ ነው፤ ሮዝ፣ ሲረገጥ ተረከዙ መብራት የሚያበራ።

«ልጆቹ አዋጥተው ነው» አሉ። ልጆቹ የሚሏቸው ተሸካሚዎቻቸውን ነው። «የሙሉነሽን ልጅ፣ እድላዊትን፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አንቺ ውሰጃት። ጫማውን አድርጊላት። ካንቺ ጋር ትክረም። አባቷ ጅቡቲ ሥራ በዝቶበት ነው እንላታለን። ልጅ ናት፤ ቀስ እያለ ይረሳታል።»

ዓይናቸው ደም ለብሷል። ሌሊቱን አልተኙም። ፈርሀት ደግ ሰው መሆናቸውን አየች። አክስቷም ደግ ነበረች።

«ጋሼ፣ ጫማውን ይያዙት።»

«ምነው፣ አይበቃትም?»

«ይበቃታል። ካወቀች በኋላ ራስዎ ይሰጧታል። ዛሬ ግን ከእናቷ ጋር ትደር። ነገ አብሬያችሁ እመጣለሁ፤ እድላዊትን የማናግራት እኔ ነኝ።»

«ለሕፃን ልጅ መርዶ ይነገራል? የት ነው ያየሽው?»

«አላየሁም። ሳይነገራት የቀረች ግን አይቻለሁ።»

ጋሼ ሶሬሳ ሣጥኑን ከፍተው ዘጉት። «ለሙሉነሽስ? ፊትሽ እስከ ነገ ይችልልሻል?»

«እንጃ» አለች ፈርሀት። «ይሞከራል።»

ሙሉነሽ በሁለቱ በረንዳዎች መሀል ቆማ ለሁለቱም ትሸጣለች። «የት ጠፋሽ? በርበሬሽን ከአንቺ አሳምሬ ሸጥኩልሽ። ጋሼ ሶሬሳ ደግሞ ሁለተኛ ሻይ ላኩ። እኚህ ሰውዬ አንዳችንን ሊያገቡ ነው፤ አንቺ ትሻይኛለሽ፣ ባል የለሽም።»

ፈርሀት የጀዋርን ጆንያ ፈታች፤ ክንዷን እስከ ክርኗ ከተተች፤ ፊቷንም አስጠጋች። ብናኙ ተነስቶ ዓይኗን ሞላው።

«ምን ሆንሽ?»

«በርበሬው ነው።»

«የዚያን ልጅ በርበሬ ጥሩ ነው ብለሽ አልነበር?»

«ጥሩ ነው። ጥሩ ስለሆነ ነው» አለች ፈርሀት። ዓይኗ እያነባ ጆንያው ላይ እንዳጎነበሰች ቆየች።

ከትምህርት ቤት መልስ እድላዊት መጣች። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የደንብ ልብሷ እጅጌ ረዝሞባት ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። ቦርሳዋን እናቷ ዘንድ ጣለችና እንደ ልማዷ ወደ ፈርሀት ዞረች፤ እዚህ ከረሜላ ያለበት ጣሳ አለ። ሙሉነሽ ከአንድ ደንበኛ ጋር በዝንጅብል ዋጋ ተያይዛለች።

«እትዬ ፈርሀት፣ አባዬ ዛሬ ይገባል አይደል? እማዬ ትናንት ነገ ይገባል ብላኝ ነበር።»

የፈርሀት እጅ ወደ ጣሳው ሄደ። ክዳኑ ላይ ደርሶ ቆመ። እግሯን ጨመቃት፤ እዚያው፣ ጣቶቿ ጋ። ለማስወጣት ብቻ ሞከረች። መግባቱ ራሱ ገባ።

ጣሳውን ከጣውላው ሥር ገፋችው።

«ነገ ጠዋት እናንተ ቤት እመጣለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያኔ የምትጠይቂኝን ሁሉ እመልስልሻለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ልጅቷ ጆንያው ላይ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇንም እንደ ዋዛ ዘረጋችላት። የፈርሀት እጅ እስከ ክርኗ በበርበሬ ቀልቷል። ንጹሕ ጨርቅ ፈለገች፤ አላገኘችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የሻርፑን ላስቲክ በጥርሷ ቀደደችው። በፈዛዛው ሰማያዊ ጨርቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገች፣ መዳፏንም፣ ክንዷንም። ከዚያ የእድላዊትን እጅ ያዘች፤ ገበያው እስኪዘጋም አልለቀቀችውም።